በቤት የአርኬድ ማሽን ላይ ጆይስቲክ መለወጥ

የአርኬድ ማሽን ሳንቲም እየተቀበለ የሚያጫውት፣ ተጫዋቹ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚጫወትበት የቪዲዮ ጨዋታ ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የመጫወቻ አዳራሾችን የሞላው ይህ ማሽን ዛሬ በብዙ ሰዎች ሳሎን ውስጥ ቆሞ ይገኛል። አንዳንዱ ከአዳራሽ የተገዛ አሮጌ ማሽን ነው። አንዳንዱ ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 ይፋ ያደረገውን፣ የድሮ የአርኬድ ጨዋታዎችን የሚያጫውት ማሜ የተባለ ፕሮግራም በኮምፒውተር ላይ ጭኖ ባለቤቱ በገዛ እጁ የሠራው ነው። ከ2018 ወዲህ ደግሞ አርኬድዋንአፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ መጠናቸውን ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ አድርጎ የሚሸጣቸው ተገጣጣሚ ማሽኖች በርክተዋል። በሦስቱም ዓይነት ላይ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚለውጠው ዕቃ ጆይስቲኩ፣ ማለትም በእጅ እየተገፋ አቅጣጫ የሚሰጠው ዘንግ ነው። ስክሪኑ ቢደበዝዝ መጫወት ይቻላል፤ ጆይስቲኩ አንድ አቅጣጫ ሲከዳ ግን ጨዋታ የለም።

አሠራሩ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። አንድ የብረት ዘንግ፣ ዘንጉን ወደ መሐል የሚመልስ ሞላ፣ በአራቱም ጎን የተተከሉ አራት ጥቃቅን ማብሪያዎች፣ ከሥር ደግሞ የዘንጉን ጉዞ የሚወስን መገደቢያ አሉት፤ በቃ። በከተሞቻችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች በአውራ ጣት ከሚገፋው ትንሽ ዘንግ ጋር ሊምታታ አይገባም። ያኛው ምን ያህል እንደተገፋ ጭምር ይለካል፤ የአርኬዱ ግን የሚያውቀው ማብሪያው መነካቱን ወይም አለመነካቱን ብቻ ነው። ዘንጉ ወደ ማዕዘን ሲገፋ ሁለት ማብሪያዎች በአንድ ጊዜ ይነካሉ፤ ሰያፍ አቅጣጫ የሚፈጠረውም በዚህ መንገድ ነው።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ የአሜሪካ ማሽኖች በማብሪያ ፈንታ ተቀራርበው የሚቆሙ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ነበሯቸው። እነዚህ ጠቅታ የላቸውም፣ እጅ ላይም ልስልስ ይላሉ። ሲቆሽሹ በመካከላቸው ንጹሕ ወረቀት ሳብ ማድረግ፣ ሲራራቁ በፒንሳ ቀስ ብሎ ማቃናት ብዙ ጊዜ ያድናቸዋል። እንዲህ ያለውን ነባር ጆይስቲክ ሳይሞክሩት አውጥቶ መጣል ያሳዝናል፤ ማሽኑ ከነታሪኩ ዋጋ ያለው ነውና። በአዲሶቹም ቢሆን አንዲት ማብሪያ ብቻ ከደከመች እሷን ለይቶ መቀየር ሙሉውን ጆይስቲክ ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል።

መለወጡ የግድ ከሆነ ከግዢ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ምን ይጫወቱበታል የሚለው ነው። ፓክማን (1980) እና ዶንኪ ኮንግ (1981) የተባሉት ጨዋታዎች የተሠሩት ለባለ አራት አቅጣጫ ጆይስቲክ ነው። በአራት አቅጣጫ ጆይስቲክ ላይ መገደቢያው ሰያፉን ስለሚዘጋ በአንድ ጊዜ የምትነካው ማብሪያ አንዲት ብቻ ናት። በባለ ስምንት አቅጣጫ ጆይስቲክ ፓክማንን የሞከረ ሰው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ እጁ ሳያስበው ሰያፉን ይነካል፤ ፓክማን መታጠፉ ይቀርና ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ከኋላ የሚያሳድደው መንፈስም ይደርስበታል። ተጫዋቹ ጣቶቹን ይወቅሳል እንጂ ጥፋቱ የመገደቢያው ነው። ስትሪት ፋይተር 2 (1991) የተባለው የድብድብ ጨዋታ በተቃራኒው ያለ ሰያፍ አይሆንም። ታዋቂው የእሳት ኳስ የሚወረወረው ዘንጉን ከታች በሰያፍ አሳልፎ ወደ ፊት በማምጣትና ቡጢውን በመጫን ስለሆነ፣ ሰያፉ ከተዘጋ ምቱ ጨርሶ አይወጣም። ኪውበርት (1982) ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ባለ አራት አቅጣጫ ጆይስቲኩ 45 ዲግሪ ዞሮ ነው የሚታሰረው፤ ገጸ ባሕርዩ የሚዘለው በሰያፍ ብቻ ነውና።

ሁሉንም በአንድ ማሽን መጫወት የሚፈልግ ሰው መውጫ አለው። የጃፓኑ ሳንዋ ኩባንያ ጄኤልኤፍ የተባለው ጆይስቲክ ከሥሩ ያለው ካሬ መገደቢያ ተነቅሎ 45 ዲግሪ ሲዞር ወደ አራት አቅጣጫ ይለወጣል። ይህን ለማድረግ ግን ጆይስቲኩ የታሰረበትን የማሽኑን ሰሌዳ በየጊዜው መክፈት ያስፈልጋል። አልቲማርክ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሚሠራው ማግስቲክ ፕላስ የተባለ ጆይስቲክ ግን ከላይ ሆኖ ዘንጉን ሳብ አድርጎ በማዞር ብቻ ይቀየራል። ጨዋታ በየሰዓቱ በሚቀያየርበት ቤት እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰሌዳው ውፍረት ነው፤ ሰው ሁሉ የሚዘነጋውም ይህንኑ ነው። ሳንዋና ሴይሚትሱ የመሳሰሉት የጃፓን ጆይስቲኮች የተነደፉት ለቀጭን የብረት ሰሌዳ ነው። የሳንዋው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ኳስ 35 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ እንቅስቃሴውም ቀላል ነው፤ የሴይሚትሱው ኤልኤስ-32 ሞላው ጠንከር ይላል። የአሜሪካው ሃፕ ጆይስቲኮች ደግሞ ለወፍራም የእንጨት ሰሌዳ የተሠሩ በመሆናቸው ዘንጋቸው ረጅም፣ እጀታቸው ሞላላ፣ ሞላቸውም ጠንካራ ነው። የጃፓኑን ጆይስቲክ በ19 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ) ወይም ኮምፔንሳቶ ሥር እንዲሁ ካሰሩት ኳሱ ከሰሌዳው ላይ ብዙም ሳይነሣ ይቀራል፤ እጅም ምቾት አያገኝም። መፍትሔው እንጨቱን ከታች በኩል በጆይስቲኩ ልክ መቦርቦር ወይም ረዘም ያለ ዘንግ መግዛት ነው። ስለዚህ ሰሌዳውን በማስመሪያ ሳይለኩ ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሥራው ራሱ ከካቻቪቴና ከትዕግሥት ብዙም አያልፍም። ኃይሉ ከሶኬት ይነቀላል። ማሽኑ የድሮ ቱቦ ስክሪን ካለው ወደ ኋላው ክፍል እጅን ማስገባት ክልክል ነው፤ ቱቦው ከጠፋ በኋላም ወደ 20,000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሰሌዳው ከመፈታቱ በፊት ሽቦዎቹን ፎቶ ማንሳት ብዙ ድካም ያስቀራል። በሳንዋው ዘንግ የታችኛው ጫፍ ላይ ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ እዚያ ላይ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ አስገብተው ዘንጉ እንዳይዞር ይዘው ኳሱን በሌላው እጅ ወደ ግራ ሲያዞሩት ይፈታል። ከዚያ በኋላ ብሎኖቹ ተፈትተው አሮጌው በታች በኩል ይወጣል። ሞላውን ወይም ዘንጉን ብቻ ለመለወጥ ከሆነ፣ ከሥር ያለችውን የላቲኑን ኢ ፊደል የመሰለች ቀጭን ቀለበት ማውጣት ያስፈልጋል። ይህች ቀለበት ስትለቅ ተስፈንጥራ መጥፋት ልማዷ ስለሆነ ሌላውን እጅ ከልሎ መያዝ ይበጃል። የዘንጉ መሽከርከሪያ ላይ ጥቂት የሲሊኮን ግራሶ ይቀባል፤ የመኪና ግራሶ ፕላስቲክ ስለሚጎዳ እዚህ ቦታ የለውም።

ሽቦው ላይ ጀማሪ የሚደናገርበት አንድ ነገር አለ። ዘንጉ በመሐሉ ተደግፎ ስለሚወዛወዝ እጅ ወደ ግራ ሲገፋው የታችኛው ጫፍ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስለዚህ የግራው ሽቦ የሚታሰረው በስተቀኝ ባለችው ማብሪያ ላይ ነው፤ ላይና ታችም እንደዚሁ ይገለባበጣሉ። ሦስት እግር ባላት ማብሪያ ላይ አንዱ እግር የጋራ ነው፣ ሁለተኛው ሲነካ የሚገናኝ፣ ሦስተኛው ሲነካ የሚለያይ ነው። የሚፈለጉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። በስሕተት ሦስተኛው ላይ ከታሰረ ዘንጉን ማንም ሳይነካው አቅጣጫው እንደተጫነ ይቆያል። የጋራው መስመር ከማብሪያ ወደ ማብሪያ እየተቀጣጠለ ይሄዳል፤ አንድ ቦታ ከተቋረጠ ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ ይሞታሉ። የሳንዋው ጄኤልኤፍ አራቱን ማብሪያዎች በአንድ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ስለያዘ ይህ ድካም የለበትም፤ አራት አቅጣጫና አንድ የጋራ መስመር ያላት ባለ አምስት ሽቦ መሰኪያ ትበቃዋለች። ሆኖም ጆይስቲኩ ሩብ ዙር ዞሮ ከታሰረ አቅጣጫዎቹም አብረው ይዞራሉ።

ብሎኖቹ ሙሉ በሙሉ ከመጥበቃቸው በፊት ፍተሻ ይደረጋል። ከሽቦዎቹ ምልክት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፈው ኢንኮደር የተባለው ዕቃ አይፓክ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ራሱን እንደ ኪቦርድ ስለሚያሳውቅ፣ የጽሑፍ ገጽ ከፍቶ ጠቋሚው ወደ አራቱም አቅጣጫ መሄዱን ማየት ይቻላል። ማሜ ውስጥ የታብን ቁልፍ ተጭኖ አቅጣጫዎችን በምናሌው መቀየር ይቻላል፤ ነገር ግን ሽቦውን ማስተካከል ይሻላል፤ ፕሮግራሙ እንደገና ሲጫን ችግሩ ተመልሶ አይመጣም። ማሽኑ ለሁለት ተጫዋች ከሆነ አንዱን ብቻ አድሶ ሌላውን መተው አይመከርም፤ በአዲሱ በኩል የቆመ ሰው ካሸነፈ ተሸናፊው ጆይስቲኩን ይከሳል፣ ክሱም ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው።