የአደን ሰርተፍኬት የአደን ፈቃድ አይደለም

ዳላስና ሂዩስተን ያላችሁ ወላጆች ደጋግማችሁ የምትጠይቁት አንድ ነው፤ ልጄ ሰመር ካምፕ ገብቶ የአደን ትምህርት ጨርሷል፣ ሰርተፍኬትም ይዟል፤ ታዲያ ማደን ይችላል? በሰርተፍኬቱ ብቻ አይችልም።

ሰርተፍኬቱ ልጁ የመሣሪያ ጥንቃቄና የአደን ሕግ መማሩን ይመሰክራል። አንዴ ከተገኘ ጊዜው አያልፍም፤ ሌሎች ስቴቶችም ይቀበሉታል። ፈቃዱ ግን በየዓመቱ የሚገዛና በሸጠው ስቴት ውስጥ ብቻ የሚሠራ ነው። ዲፕሎማና ንግድ ፈቃድን አስቡ፤ ዲፕሎማ አንዴ ይወሰዳል፣ ንግድ ፈቃድ በየዓመቱ ይታደሳል።

የ13 ዓመት ልጅ በጁላይ ሰርተፍኬቱን አገኘ እንበል። አባቱ ደስ ብሎት ያኔውኑ የዓመት ፈቃድ ቢገዛለት ገንዘቡ ባከነ፤ የቴክሳስ ፈቃድ ኦገስት 31 ያበቃል፣ የአጋዘን አደን የሚከፈተው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። የአዲሱ ዓመት ፈቃድ በኦገስት አጋማሽ መሸጥ ይጀምራል፤ እሱን ጠብቁ። የተገደለው አጋዘን ላይ የሚታሰረው ታግም የሚመጣው ከፈቃዱ ጋር ነው፤ ያለ እሱ አጋዘን መያዝ ያስቀጣል። ካምፑ ውስጥ ዒላማ ላይ ለመተኮስ ግን ፈቃድ አያስፈልግም።

ዕድሜውና ክፍያው ከስቴት ስቴት ይለያያሉ። ቴክሳስ ሰርተፍኬቱን ከ9 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል። የትምህርቱ ግዴታ ሴፕቴምበር 2፣ 1971 እና ከዚያ ወዲህ የተወለደን ሁሉ ይመለከታል፤ ከልጃችሁ ጋር ልታድኑ ካሰባችሁ እናንተንም ማለት ነው።