ሞተሩ ተቆልፏል ማለት ሁሉም እኩል ነው ማለት አይደለም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጋራዥ አለኝ። እሑድ የፎርሙላ ዋን ውድድር ከነበረ፣ ሰኞ ጠዋት የሰፈሩ ልጆች በሬ ላይ ናቸው። ወሬያቸው ደስ ይለኛል። አንዷን አባባል ግን መስማት ሰልችቶኛል። «ጋሼ፣ ሞተሩ እኮ ተቆልፏል፤ አሁን ሁሉም እኩል ነው።» ተቆልፏል ማለት አምራቾቹ ሞተራቸውን እንዳያሻሽሉ በሕግ ተከልክለዋል ማለት ነው።

መጀመሪያ የልጆቹን ሌሎች ትናንሽ ስህተቶች ልጨርስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ከኋላ እንዲነሳ የተደረገው አጭበርብሮ ነው።» አይደለም። ለአንድ ሾፌር በዓመት የሚፈቀደው የሞተር ብዛት የተወሰነ ነው። ከዚያ በላይ ያስገባ የመነሻ ቦታውን ያጣል። ዋጋውን ከፍሎ ነው የቀየረው።

«እንደኛ አገር ከፍታ ላይ ሞተሩ ይታፈናል።» ሜክሲኮ ሲቲ ከ2200 ሜትር በላይ ናት፤ ይወዳደሩባታል። የሳሳውን አየር ተርቦው ይጨምቀዋል።

«ፋብሪካው ጥሩውን ሞተር ለራሱ ያስቀራል።» ሕጉ ሞተር ለሚገዛው ደንበኛ ቡድንም ያው ሞተር እንዲሰጥ ያስገድዳል። ማክላረን በ2024 የቡድኖችን ዋንጫ የወሰደው በመርሴዲስ ሞተር ነው። መርሴዲስ ራሱ አራተኛ ወጣ። ይሄ ለኔ አይገርመኝም። አንድ ክረምት ሁለት አይሱዙ መጡልኝ፤ ሞተራቸው አንድ ዓይነት። አንደኛው ከአባይ ድልድይ እስከ ደጀን ሳይቆም ይወጣል። ሌላው መሃል ዳገት ላይ ይፈላል። ባለቤቱ ሞተር ካልቀየርኩ አለ። ራዲያተሩን አጠብኩለት፣ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው። ሞተሮቹ በ2022 ሲቆለፉ ዓላማው እኩል ማድረግ አልነበረም። ለሬድቡል ቡድን ሞተር የሚሠራው ሆንዳ በ2021 መጨረሻ ከውድድሩ እንደሚወጣ አስታወቀ። ሬድቡል ሞተሩን ተረክቦ ለመቀጠል የማሻሻያው ሩጫ እንዲቆም ፈለገ። ሌሎቹም ወጪ ይቀንሳል ብለው ተስማሙ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው።

ሞተር ሲቆለፍ ልዩነቱም አብሮ ይቆለፋል። ጎረቤትህ የጤፍ ማሳውን አራት ጊዜ አርሷል፤ አንተ ገና ሁለተኛው ላይ ነህ። ከነገ ጀምሮ ማንም ሞፈር እንዳያነሳ ቢባል እኩል ሆናችሁ? እሱ ነው የተጠቀመው።

2014ን አስታውሱ። ባለ 1.6 ሊትር ቪ6 ተርቦ ሃይብሪድ (በነዳጅና በኤሌክትሪክ የሚሠራ) ሞተር የገባበት ዓመት ነው። ወቅቱ ከተጀመረ በኋላ ማሻሻል በጥብቅ ተገድቦ ነበር። መርሴዲስ ከ19 ውድድር 16ቱን አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ማሻሻያው በነጥብ ተሰፍሮ መጣ፤ ለእያንዳንዱ አምራች 32 ነጥብ። የዋንጫ ነጥብ አይደለም፤ ሞተሩ ላይ ምን ያህል መለወጥ እንደሚፈቀድ መስፈሪያ ነው። ወደኋላ የቀረው በተሰፈረለት እንዴት ይድረስ? መርሴዲስ እስከ 2021 የቡድኖችን ዋንጫ ስምንት ጊዜ በተከታታይ ወሰደ።

ሬኖንም እዩት። ከ2022 በኋላ ኃይሉ ከሌሎቹ እንዳነሰ ቀረ። በ2023 ልዩነቱ ይስተካከል የሚል ውይይት ተነሳ፤ ግን የተለወጠ ነገር የለም። በ2025 መጨረሻ ከፎርሙላ ዋን ሞተር ሥራ ወጣ።

ቁልፉም ቀዳዳ አለው። ሞተሩ የሚሰበር ከሆነ ዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን አስፈቅዶ መጠገን ይቻላል። የፌራሪው ሾፌር ሌክለር በ2022 ስፔን ላይም ባኩ ላይም እየመራ ፌራሪው ቆሞበታል። እንዲህ ያለ ችግር እንዲጠገን ይፈቀዳል። መካኒክ የሆነ ሰው ቀጥሎ ያለውን ያውቃል፤ የማይሰበር ሞተር ደፍረህ ትገፋዋለህ። ለጥንካሬ ተብሎ የገባው ጥገና ኃይልም ይዞ ይመጣል።

ስለዚህ የ2026ን ሕግ ስሰማ ደስ አለኝ። ሞተሩ ከመሪው 2 በመቶና ከዚያ በላይ የቀረ አምራች ተጨማሪ ማሻሻያ ይፈቀድለታል። «ለሰነፍ ሽልማት ነው» የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ነፃ ኃይል አይሰጠውም፤ ሠርቶ እንዲደርስ በሩ ይከፈትለታል እንጂ።

ልጆች፣ እሑድ ስታዩ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ሞተር የገጠሙትን መኪኖች ለዩ። በመካከላቸው ያለውን ሰዓት ጻፉ፤ ያ ልዩነት በአብዛኛው የመኪናው አካልና የሾፌሩ ነው። ቀጥሎ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ የሌላ ሞተር መኪኖችን ፍጥነት አስተያዩ። አየር የሚይዘው ክንፋቸውም ፍጥነቱን ይለውጣል፤ እሱ ደግሞ ይለያያልና በአንድ ውድድር ብቻ አትፍረዱ። አራት አምስት ውድድር መዝግባችሁ ሰኞ ይዛችሁልኝ ኑ።