የአዳማ ንፋስና የተርባይኖቹ ክንፍ፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ምን ያጠናል?

አዳማን የሚያውቅ ሰው ንፋሷንም ያውቃል። በበጋ ከሰዓት በኋላ አቧራውን አንስቶ ዓይን ያስጨፍናል። የሱቅ ሸራ ያርገበግባል፣ የተሰጣ ልብስ ከገመድ ላይ ይወስዳል። ይኸው ንፋስ ዛሬ መብራት ይሰጣል። ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ ከማሳው በላይ ኮረብታው ላይ ተሰልፈው የሚታዩት ነጫጭ ተርባይኖች የአዳማ አንድ እና የአዳማ ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች ናቸው።

አዳማ አንድ እ.ኤ.አ. በ2012 ተጠናቀቀ። 34 ተርባይኖች አሉት፤ አቅሙ 51 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ ሁለት ግንቦት 2007 ዓ.ም. ተመረቀ። እሱ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት አለው። ሁለቱንም የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ገንዘብም ከቻይና በብድር የመጣ ነው። ጥቅማቸው አያከራክርም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከግድብ ይመጣል። በበጋ የግድቡ ውኃ ሲቀንስ ደግሞ ንፋሱ ይበረታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ያግዛል።

ንፋስ ጭስ የለውም፣ ነዳጅም አይፈልግም። ስለዚህ ብዙ ሰው «ይሄ ደግሞ ምን ጉዳት አለው?» ይላል። ጉዳት አለው። መጠኑን በዋናነት የሚወስነው ማሽኑ የቆመበት ቦታ ነው። አንድ ተርባይን አንዱ ሸንተረር ላይ ቢቆም ማንንም ላይነካ ይችላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ቢተከል ግን የአሞሮች መተላለፊያ መሃል ይገባል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባለው ሥራ ይህን የሚያጣራው ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ነው። ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ የሚጻፍ ጥናት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው የሚሆነው።

ሕጉም ይህንኑ ይላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ያረጋግጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሰዎች በቀጥታ በሚነካቸው ፕሮጀክት ላይ እንዲመክሩና ሐሳባቸውን እንዲሰጡ ያዝዛል። ዝርዝሩ ያለው በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ውስጥ ነው። በአዋጁ መሠረት ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። ጥናቱን የሚያስጠናውና ወጪውን የሚሸፍነው የፕሮጀክቱ ባለቤት ነው። እኔ እዚህ ጋ ቆም እላለሁ። ከፋዩ ውጤቱን የሚጠብቀው ራሱ ከሆነ፣ ዘገባውን የሚመረምረው የመንግሥት አካል ጠንካራ ባለሙያና በቂ ጊዜ ያስፈልገዋል። አለበለዚያ ግምገማው ለፋይል ማሟያ የሚሆን ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

ጥናቱ የሚጀምረው ከመነሻ መረጃ ነው። ተርባይኑ ሳይኖር ቦታው ምን ይመስላል? የትኛው ወፍ በምን ወር፣ በምን ከፍታ ያልፋል? የቅርቡ ቤት ስንት ሜትር ይርቃል? ሌሊት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ድምፅ አለ? ለዚህ የአንድ ሳምንት ጉብኝት አይበቃም። ቢያንስ የዓመቱን ወቅቶች ማየት ግድ ነው። ሐምሌ ላይ ሄዶ ወፍ የቆጠረ ሰው የጥቅምቱን መንጋ አያየውም።

የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር ለሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች ከዓለም ዋና ዋና የፍልሰት መንገዶች አንዱ ነው። በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ወፎች ይጠቀሙበታል። ንስሮች፣ ጭላቶችና ሽመላዎች በመኸር ከአውሮፓና ከእስያ ይመጣሉ፣ በጸደይ ይመለሳሉ። እነዚህ ወፎች ጉልበት ለመቆጠብ ከተዳፋት ላይ የሚነሳውን ንፋስ ይፈልጋሉ። መሐንዲሱም የሚፈልገው ያንኑ ንፋስ ነው። ችግሩ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

የጥንብ አንሳ ነገር ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በአገራችን የሚገኙ በርካታ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ተቃርበዋል። ጥንብ አንሳ ዓይኑ ስለታም ነው፤ ከሩቅ ሬሳ ይለያል። ታዲያ ይህን ያህል ትልቅ ማሽን እንዴት ይስታል? ምክንያቱ አበራረሩ ላይ ነው። ምግብ ሲፈልግ አንገቱን ወደ ታች ይደፋል። የዓይኑ አቀማመጥና ከፀሐይ የሚጋርደው ቅንድቡ ከፊት ለፊቱ ያለውን እንዳያይ ያደርጉታል። መሬቱን እያየ ወደ ተርባይኑ ክንፍ ይገባል።

የክንፉ ፍጥነትም ያታልላል። ከሩቅ ሲያዩት ቀስ ብሎ የሚዞር ይመስላል። የአዳማ አንድ ተርባይን ክንፎች ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 77 ሜትር ነው። ጫፉ በአንድ ዙር 242 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዙሩ ሦስት ሰከንድ ተኩል ከፈጀ ጫፉ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው ማለት ነው። በፈጣን መንገዱ ላይ ለመኪና ከተፈቀደው በእጥፍ ይበልጣል።

መፍትሔ ግን አለ፣ ዋጋውም ያን ያህል አይደለም። በደቡብ ስፔን ታሪፋ አካባቢ ወፍ ተመልካቾች ጥንብ አንሳ ሲቃረብ አደገኛዎቹን ተርባይኖች ብቻ ለጥቂት ጊዜ ያስቆማሉ። የወፎቹ ሞት በግማሽ ቀነሰ። የጠፋው ኃይል 0.07 በመቶ ብቻ ነበር። በኖርዌይ ስሞላ ደሴት ደግሞ በጥቂት ተርባይኖች ላይ ከሦስቱ ክንፎች አንዱን ጥቁር ቀለም ቀቡት። በእነዚያ ተርባይኖች የወፎች ሞት ከ70 በመቶ በላይ ወረደ። የሙከራው መጠን ትንሽ ቢሆንም ዜናው ያስደስታል። ለሌሊት ወፍ የሚረዳው ሌላ ነው፤ ንፋሱ ደካማ በሆነባቸው ሌሊቶች ተርባይኑን አለማስነሳት። የሌሊት ወፍ በብዛት የሚበረው ያኔ ነው።

ስለ ሰው እንምጣ። ፀሐይ ከተርባይኑ ጀርባ ስትሆን የክንፉ ጥላ በየሰከንዱ ብቅ ጥልቅ ይላል። በር ከፍቶ ቡና የሚያፈላ ቤተሰብ ላይ መብራት አብራ አጥፋ እንደሚሉት ዓይነት ነው። አዳማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ረጅሙ ጥላ የሚወድቀው ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ማታ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ የትኛው ቤት እንደሚነካ አስቀድሞ በስሌት ይታወቃል። ብዙ አበዳሪዎች የሚከተሉት መመሪያ አንድ ቤት በዓመት ከ30 ሰዓት፣ በቀን ከ30 ደቂቃ በላይ እንዳይነካ ይላል። የሌሊት ድምፅም መኖሪያ አካባቢ ከ45 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመከራል።

መሬቱ ላይ ተርባይኑ ራሱ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። ገበሬው እስከ ምሰሶው ድረስ ጤፉን ይዘራል። ብዙ ጊዜ ጉዳቱ የሚመጣው ክንፍና ምሰሶ ለማጓጓዝ ከሚጠረገው ሰፊ መንገድ ነው። በተዳፋት ላይ የተቆረጠ መንገድ የክረምቱን ጎርፍ አንድ ቦይ ውስጥ ይሰበስባል። ቦዩ በጊዜው ካልተያዘ ቦረቦር ይሆንና የታችኛውን ማሳ ይበላዋል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ገበሬውን መጠየቅ ይበቃል።

ጥያቄው ግን በሚገባው ቋንቋ ይሁን። አዳማ ዙሪያ ያለው ገበሬ በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ዘገባ ቀበሌ ላይ ማስቀመጥ ምክክር አይባልም። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ «አባባ፣ ከብቶቹ በየት በኩል ነው የሚወርዱት?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም ዘገባው ውስጥ ማስገባት ነው ምክክር። ሴቶችም ለብቻቸው ቢጠየቁ ጥሩ ነው። ለውኃና ለእንጨት የሚኬድበትን መንገድ የፕሮጀክቱ አጥር እንደሚዘጋው ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው።

ባሕር የሌለን ብንሆንም ባሕር ላይ ከሚተከሉት የምንማረው አለ። የመጀመሪያው የባሕር ላይ የንፋስ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1991 በዴንማርክ ቪንደቢ የተተከለው ነው፤ 11 ተርባይኖች ነበሩት። እዚያ ግምገማው የሚያየው ሌላ ነው። የብረት ምሰሶ ወደ ባሕሩ ወለል ሲቀጠቀጥ ድምፁ በውኃ ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። በድምፅ አቅጣጫ የሚለዩና ምግብ የሚፈልጉ የዶልፊን ዘመዶች አካባቢውን ጥለው ይሸሻሉ። ጀርመን ለዚህ ወሰን አበጅታለች፤ ከሥራው ቦታ 750 ሜትር ርቀት ላይ ድምፁ ከ160 ዴሲቤል መብለጥ የለበትም። (የውኃ ውስጥ ዴሲቤል በአየር ከምንለካው ጋር አይነጻጸርም።) ለዚህም ከባሕሩ ወለል አየር እየለቀቁ ምሰሶውን በአረፋ መጋረጃ ይከቡታል። በሌላ በኩል ምሰሶው ላይ ዛጎል ለባሽ እንስሳት ይለጠፋሉ፣ ዓሣም ይሰበሰባል። ጉዳትና ጥቅም ጎን ለጎን ይመዘገባሉ።

ከአውሮፓው የሰሜን ባሕር ልምድ ለእኛ በጣም የሚጠቅመው ድምር ተጽዕኖ የሚሉት ነገር ነው። እዚያ አንድ ማመንጫ ለብቻው አይመዘንም፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ። እኛም አዳማ አንድ፣ አዳማ ሁለት፣ ወደ ደቡብ ኢተያ አካባቢ ደግሞ የ100 ሜጋ ዋቱ የአሰላ ፕሮጀክት አለን። ለሰነድ ሦስት ፕሮጀክቶች ናቸው። ለሚፈልሰው ሽመላ ግን አንድ ጉዞ ነው።

ፈቃድ ከተሰጠ በኋላ ሥራው አያልቅም። ከተርባይኖቹ ሥር በየጊዜው እየዞሩ የወደቀ ወፍ መቁጠር ያስፈልጋል። ጅብና ውሻ ቀድመው ስለሚወስዱት ቆጠራው ይህን ማካተት አለበት። ቁጥሩ ለሕዝብ ሊገለጥ ይገባል።

የማሽኑ እርጅናም ከመጀመሪያው ዘገባ ውስጥ መኖር አለበት። ብረቱ ይቀልጣል፣ ሽቦው ይሸጣል። ከ35 ሜትር በላይ የሚረዝመው ክንፍ ግን ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ስለሆነ መልሶ መጠቀም ያስቸግራል። ማን ያነሳዋል፣ በምን ገንዘብ፣ የት ያደርሰዋል የሚለው አሁን መጻፍ አለበት። የቪንደቢ ተርባይኖች 25 ዓመት ገደማ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2017 ተነሱ። አዳማ አንድ 25 ዓመት የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ2037 ነው።