የድንብላል ቅጠል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ላይ ድንብላል ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ከበርበሬ ጋር የሚፈጨው ክብ ፍሬ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ገበያ ላይ ከቃሪያው ጎን በእስር ይሸጣል፤ ዳጣ ውስጥ ይገባል፣ ሰላጣ ላይ ይነሰነሳል፣ ከአቮካዶ ጋር ይበላል። ስለዚህ ቅጠል በየቤቱ ከሚባለው ብዙው ትክክል አይደለም። የስህተቱ ምንጭ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ቅጠሉን አንዴ እንደ ጎመን፣ አንዴ እንደ መድኃኒት ማየት። የድንብላል ቅጠል ዋጋው መዓዛው ነው። መዓዛው ደግሞ ረጅም እሳት አይችልም፤ ቅጠሉ ሲደርቅም አይቆይም።

«ቅጠሉና ፍሬው የተለያየ ተክል ነው»

አይደለም። ለበርበሬ የገዙትን ድንብላል ያልተቆላ ከሆነ ዝሩት፤ የሚበቅለው ያው በእስር የሚሸጠው ቅጠል ነው። መዓዛቸው የማይመሳሰለው በውስጣቸው ያለው ዘይት ስለሚለያይ ነው። የደረሰ ፍሬ ዘይቱ ከግማሽ በላይ ሊናሎል የሚባል፣ የሎሚና የአበባ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ነው። የቅጠሉ ሽታ ግን በዋናነት አልዲሃይድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም። ዳጣ ላይ ቅጠል ሲጠፋ የተፈጨ ፍሬ መጨመር ሌላ ምግብ ይወልዳል፤ መጥፎ አይሆንም፣ ግን ዳጣው ያ ዳጣ አይደለም።

ፍሬውን ለቅመም የሚያመርት ሰው እዚህ ላይ ሊጠነቀቅ ይገባል። አረንጓዴው ፍሬ ገና የቅጠሉን ዓይነት ዘይት ስለያዘ ሲታሽ ትኋን ትኋን ይሸታል። ፍሬው ወደ ቡናማ ሲለወጥ ይህ ሽታ ይጠፋና ሊናሎሉ ይጨምራል። ከዘለላው ሁለት ሦስተኛው ያህል ቡናማ ሳይሆን የታጨደ ድንብላል በርበሬውን ያበላሻል። እስኪደርቅ ድረስ ቢዘገይ ደግሞ ፍሬው ማሳው ላይ ይረግፋል። ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ አጭዶ በጥላ ማድረቅ መርገፉን ይቀንሳል።

«ከሽንኩርቱ ጋር ቁላላ ላይ ሲገባ ጣዕሙ ወጡ ውስጥ ይሰርጻል»

ከሁሉም የሚበዛው ስህተት ይህ ነው። የቅጠሉ መዓዛ በቀላሉ የሚተን ነው፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ቤቱን የሚሞላው ሽታ ከድስቱ አምልጦ የሄደው ነው። ሃያ ደቂቃ የበሰለ የድንብላል ቅጠል የሚተርፈው የተቀቀለ ሣር ጣዕምና የጠቆረ ቀለም ብቻ ነው።

ትክክለኛው ጊዜ ድስቱ ከወረደ በኋላ ነው። ለአራት ሰው የሚሆን ሽሮ ወይም ምስር ወጥ ከእሳት ይውረድ፤ መንተክተኩ ይቁም፤ ከዚያ 2 የሾርባ ማንኪያ የተከተፈ ቅጠል ጨምሮ አንዴ ማማሰል፣ ከድኖ 2 ደቂቃ ማቆየት፣ ማቅረብ። ሲከተፍም ቢላው ስል ይሁን። ደነዝ ቢላ ቅጠሉን ይጨፈልቀዋል፤ ጭማቂው መክተፊያው ላይ ይቀራል፣ ቅጠሉም ጠርዝ ጠርዙ ይጠቁራል። እርጥብ ቅጠል መክተፍም እንዲሁ ስለሚያላቁጠው ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ይድረቅ።

ከእሳት መጀመሪያ ሊገባ የሚችለው ፍሬው ነው። ፍሬው በደረቅ ምጣድ፣ በለስላሳ እሳት፣ ሽታው እስኪነሳ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይታመስና ይፈጫል። ከዚያ ካለፈ ይመርራል።

«ግንዱ ይጣላል»

ወፍራሙና የጠነከረው የታችኛው ክፍል ብቻ ይጣል። በጥፍር ሲቆነጠር በቀላሉ የሚቆረጠው ቀጭን ግንድ እንደ ቅጠሉ ሁሉ መዓዛ አለው፤ ለሚወቀጥ ነገር እንዲያውም ይመረጣል፣ ምክንያቱም እንደ ቅጠሉ ቶሎ አይላቁጥም። ሰላጣ ላይ ቅጠሉን፣ ዳጣ ውስጥ ግንዱን ማዋል አንዱን እስር ሁለት ጊዜ ያበላል።

«ዳጣ ሁሉንም አንድ ላይ መፍጨት ነው»

ዳጣው በማግስቱ ጠቁሮና መርሮ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው። ቅጠሉ ከጠንካራው ቃሪያና ዝንጅብል እኩል ሲፈጭ፣ ቃሪያው እስኪደቅ እሱ ከልክ በላይ ይላቁጣል፤ የብሌንደር ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። የሚከተለው መጠን ለአንድ መካከለኛ ማሰሮ ይበቃል፦ 250 ግራም ቃሪያ፣ 50 ግራም የድንብላል ቅጠል ከቀጭን ግንዱ ጋር፣ 5 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ 15 ግራም የተላጠ ዝንጅብል፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት የበሶብላ አበባ፣ አንድ ትንሽ ቅንጣቢ ጤና አዳም፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ።

መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ጨው ሙቀጫ ውስጥ ይደቁ። ጨው እንደ አሸዋ ሆኖ ማድቀቁን ያግዛል፣ ውሃም ያወጣል። ቀጥሎ ቃሪያው ይግባ፤ ፍሬው ከተፈለገ ይውጣለት። ቃሪያው ደቅቆ፣ ግን ገና ሻካራ ሳለ፣ ድንብላሉ፣ በሶብላውና ጤና አዳሙ ገብተው ዘነዘናው ጥቂት ጊዜ ብቻ ይውረድባቸው። ሎሚው መጨረሻ ነው። ውሃ አይጨመር፤ ውሃ የገባበት ዳጣ ቶሎ ይኮመጥጣል። ጤና አዳም ላይ እጅ አይብዛ፤ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል።

ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ዘይት አፍስሶ ከፍሪጅ ውጪ ማስቀመጥ ግን አደገኛ ነው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ዘይት ውስጥ አየር ሳያገኝ በክፍል ሙቀት ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊራባ ይችላል፤ መርዙም በማሽተትም ሆነ ቀለሙን በማየት አይለይም።

«ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ከተጨመረበት መታጠቡ ብዙ አያስፈልግም»

ይህ ሰው ያሳምማል። ቅጠሉ ጥሬውን የሚበላ፣ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይል፣ ብዙ ስንጥቅ ያለው ነው፤ አፈርና የትል እንቁላል የሚደበቅበት ቦታ አያጣም። በተለይ እንደ ጅማው አዌቱ ወንዝ ከተማ አቋርጦ በሚያልፍ ውሃ የለማ አትክልት ላይ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ሎሚና ኮምጣጤ አንዳንድ ባክቴሪያ ይቀንሳሉ፣ ሁሉንም አያጠፉም። በረኪናም ቢሆን የአሜባን ዘርና የወስፋትን እንቁላል ከታች በተሰጠው መጠን አይገድልም። እነዚህን የሚያስወግደው በደንብ ማጠብ ነው።

እስሩ ይፈታ፤ ቢጫ የሆነውና የበሰበሰው ይለቀም። በጎድጓዳ ሳህን በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ቅጠሉን ወደ ላይ አንስቶ ማውጣት፣ ውሃውን መድፋት። ቅጠሉ ውስጡ እንዳለ ውሃው ከተደፋ የረጋው አፈር ተመልሶ ይወርድበታል። ሳህኑ ግርጌ ምንም አፈር እስኪጠፋ ይህ ይደገም፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ የሚወርድ ንጹሕ ውሃ ሥር ግንድ ግንዱን ማሸት። ለባክቴሪያው ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚፈልግ፣ 5 በመቶ የሆነና ሽቶ የሌለው በረኪና፣ ለ4 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ አድርጎ 2 ደቂቃ መዘፍዘፍና ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ማለቅለቅ ይችላል። በረኪናውን ማብዛት የተሻለ አያጸዳም፤ ከሎሚና ከኮምጣጤ ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

«ብረትና ካልሲየም የሞላበት ስለሆነ ለደም ማነስ ፍቱን ነው»

ቁጥሩን እንየው። 100 ግራም ጥሬ ቅጠል 23 ካሎሪ ገደማ፣ 27 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 1.8 ሚሊ ግራም ብረት፣ 310 ማይክሮ ግራም ያህል ቫይታሚን ኬ አለው። ጥሩ ቁጥር ነው። ግን 100 ግራም ድንብላል በአንድ ማዕድ ማን ይበላል? ሰው ሳህኑ ላይ የሚያርፍለት 5 ግራም ቢሆን ነው። 5 ግራም ውስጥ ያለው ብረት ከ0.1 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ በወር አበባ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን የሚያስፈልጋት 18 ሚሊ ግራም ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው በድንብላል ጭማቂ ተማምኖ ሕክምና ሲያዘገይ ማየት ያሳዝናል።

ሌላው አሳሳች ነገር የደረቅ ቅመም ሰንጠረዥ ነው። የድንብላል ዘመድ የሆነው ቸርቪል ሲደርቅ በ100 ግራም ከ1,300 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም አለው ይባላል፤ እውነትም ነው። ውሃው ሲወጣ የቀረው ሁሉ ይከማቻልና። አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቸርቪል ግን 0.6 ግራም ገደማ ነው፤ የሚያስገኘው ካልሲየም 8 ሚሊ ግራም ብቻ። ስለ ማንኛውም ቅመም «በ100 ግራም» የሚል ቁጥር ሲነገር መጠየቅ ያለበት ማንኪያው ስንት ግራም ይይዛል የሚለው ነው።

በምግብ በኩል የሚጠቅመው ሌላ ነው። ምስርና ሽሮ ውስጥ ያለው ብረት ቫይታሚን ሲ አብሮት ሲበላ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ ከምስሩ ጎን ቲማቲም፣ ቃሪያና ሎሚ ያለበት ሰላጣ ይሁን፤ ድንብላሉ ሰላጣውን ያጣፍጠው። ቡናው ደግሞ ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይፈላ። የቡና አገር ላይ ይህን መናገር ይከብዳል፣ ግን ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጣ የብረቱን መግባት በግልጽ ይቀንሳል።

ቫይታሚን ኬ ላይ አንድ እውነተኛ ጥንቃቄ አለ። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቅጠሉን ምግብ ላይ መነስነሱ አይጎዳውም፤ ግን በአንድ ጊዜ ጭማቂውን በብርጭቆ መጠጣት ቢጀምር የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። መጠኑን ከቀን ቀን አለመለዋወጥና ለሐኪሙ መንገር ነው።

«ሳሙና ሳሙና ይለኛል የሚል ሰው ቅብጥብጥ ነው»

ምላሱ እውነቱን ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት አልዲሃይዶች ሳሙና ላይም የሚገኙ ዓይነት ናቸው፤ እነሱን አጥብቆ የማሽተት ነገር በከፊል ኦአር6ኤ2 ከሚባል የሽታ ተቀባይ ጂን ጋር ይያያዛል። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲኖር ቅጠሉ ለብቻ በሳህን ይቅረብ። ሲደቅ የቅጠሉ የራሱ ኢንዛይሞች አልዲሃይዶቹን ቀስ በቀስ ስለሚቀይሩ ሰላጣው የማይሆንላቸው አንዳንዶች ዳጣውን ይችሉታል።

«አድርቆ ማስቀመጥ ያዋጣል»

ለፍሬው አዎ፣ ለቅጠሉ አይሆንም። በሶብላና ኮሰረት ደርቀው መዓዛቸውን ይይዛሉ፤ የድንብላል ቅጠል ሲደርቅ ገለባ ነው። የተሻለው፣ ግንዱን ጫፉን ቆርጦ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ ባለበት ብርጭቆ ማቆም፣ ከላይ ፌስታል ላላ አድርጎ መድፋት፣ ፍሪጅ ማስገባት። ውሃው በየሁለት ቀኑ ከተቀየረ አንድ ሳምንት ይቆያል። ታጥቦ በእርጥቡ ፌስታል ውስጥ የታሰረ በሦስት ቀን ይላቁጣል። የተረፈውን ከትፎ በጥቂት ዘይት በበረዶ ማስቀመጫ ማቀዝቀዝ ለወጥ ይሆናል፣ ለሰላጣ አይሆንም።

«ቶሎ የሚያብበው አፈሩ ስላልተስማማው ነው»

ዋናዎቹ ምክንያቶች ሙቀት፣ ጥማትና መንቀል ናቸው። ድንብላል ወደ ታች የሚወርድ አንድ ዋና ሥር አለው፤ ችግኝ ተደርጎ ሲዛወር ሥሩ ይጎዳል፣ ተክሉም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ ወደ አበባ ይሮጣል። ስለዚህ በቀጥታ ይዘራ። እያንዳንዱ ክብ ፍሬ ሁለት ዘር ስለያዘ በመዳፍ ወይም በጠርሙስ ቀስ ብሎ ለሁለት መክፈል፣ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መዝራት። በመስመሮቹ መካከል 20 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎቹ መካከል ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ለቅጠል ይበቃል። በሁለት ሳምንት ገደማ ይበቅላል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከውጪ ከውጪው መቁረጥ ይጀመራል፣ መሐሉ እንዲያቆጠቁጥ ይተዋል።

ጅማ ላይ የሚያስቸግረው የክረምቱ ዝናብ ነው። ውሃ የቆመበት ሥር ይበሰብሳል፣ ዝናብ የሚረጨው ጭቃም ቅጠሉን በነጠብጣብ በሽታ ያስይዘዋል። መደቡ በ15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከላይ የፕላስቲክ ጥላ፣ ከሥር ደረቅ ሣር ይኑረው። በበጋ ደግሞ የቀትር ፀሐይ የሚከልል ጥላ ይፈለግለት። አንድ ተክል ለብዙ ወራት ቅጠል አይሰጥም፤ ቅጠል ሳይቋረጥ የሚፈልግ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይዝራ።

«ቸርቪል የድንብላል ሌላ ዓይነት ነው»

ዘመድ ነው፣ አንድ አይደለም። ካሮት፣ እንስላልና ነጭ አዝሙድም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ቸርቪል ለስላሳ፣ ትንሽ የእንስላል ቃና ያለው፣ ፈረንሳዮች እንቁላልና ዓሣ ላይ የሚነሰንሱት ቅጠል ነው። የምግብ አዘገጃጀት ላይ ቸርቪል የሚል ሲገኝ ድንብላል አይተካውም፤ ሦስት እጅ ፓርስሊና አንድ እጅ ለጋ የእንስላል ቅጠል ይቀርበዋል። እሱም እንደ ድንብላሉ ከእሳት ሲወርድ ነው የሚገባው። በዱር የበቀለ ተመሳሳይ ቅጠል ግን ፈጽሞ አይቀጠፍ፤ ሄምሎክ የሚባለው ገዳይ መርዛማ ተክልም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ቅጠሉም ይመሳሰላል።