የባሌት ፋሽን ፖርትሬት ምንድን ነው?

አንዲት ዳንሰኛ ረጅም የሐር ቀሚስ ለብሳ ትዘላለች። ሰውነቷ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ቀሚሱ ግን ገና አልደረሰም። እሷ መውረድ ስትጀምር እሱ አሁንም ወደ ላይ እየወጣ፣ እየተዘረጋ ነው። ፎቶ አንሺው ጣቱን አሹሎ የሚጠብቀው ይህችን ቅጽበት ነው።

የባሌት ፋሽን ፖርትሬት የሚባለው ይኸው ነው። የባሌት ዳንሰኛ የዲዛይነር ልብስ ለብሳ (ወይም ለብሶ)፣ ብዙውን ጊዜ ስቱዲዮ ውስጥ፣ የምትነሣው ፎቶ። ከሌሎች ፎቶዎች የሚለየው ፖርትሬት፣ ማለትም የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳይ ምስል፣ መሆኑ ነው። በፋሽን ፎቶ ዋናው ልብሱ ነው፤ ሞዴሏ ብትቀየርም ቀሚሱ ያው ቀሚስ ነው። በመድረክ ፎቶ ዋናው ዳንሱ ነው። በፖርትሬት ግን ሴትየዋን ራሷን ማየት አለብን። እግሯ የቱንም ያህል ቢዘረጋ ፊቷ ላይ ምንም ከሌለ ለእኔ ፖርትሬት አይደለም።

ፋሽንና ባሌት የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 የሩሲያዊው ሰርጌይ ዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን ፓሪስ ውስጥ «ሰማያዊው ባቡር» የተባለውን ሥራ ሲያቀርብ ልብሱን ያዘጋጀችው ፈረንሳዊቷ ዲዛይነር ኮኮ ሻኔል ነበረች። ዳንሰኞቹ የዋና ልብስና የስፖርት ልብስ ለብሰው መድረክ ላይ ወጡ። ለዓይን ያምራል። ግን የአንዷ ዳንሰኛ፣ የሊዲያ ሶኮሎቫ፣ የዋና ልብስ ከሹራብ የተሠራና ላላ ያለ ስለነበር አብሯት የሚደንሰው ሰው አጥብቆ ለመያዝ ተቸግሮ ነበር። ቅርብ ወደሆነው ስንመጣ፣ የኒውዮርክ ሲቲ ባሌት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጋላ ለሚባለው የመኸር ልዩ ዝግጅቱ ዲዛይነሮችን ልብስ ያሠራል፤ የመጀመሪያው ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ነበር።

በካሜራው በኩል ደግሞ ፎቶ አንሺው ማርቲን ሙንካቺ አለ። እ.ኤ.አ. በ1933 ለሃርፐርስ ባዛር መጽሔት አንዲት ሞዴል በባሕር ዳርቻ እየሮጠች አነሣት። ያኔ የፋሽን ሞዴል ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ሐውልት ቆማ ነበር የምትነሣው። ከዚያ ወዲህ ልብስ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ምን እንደሚመስል የማየት ፍላጎት አልቆመም። በእንቅስቃሴ ደግሞ ዳንሰኛን የሚያህል የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ እኔን የሚማርከኝ እዚህ ጋ ያለው ነው።

40 ሳንቲሜትር የዘለለች ዳንሰኛ አየር ላይ የምትቆየው 0.6 ሴኮንድ እንኳን አይሞላም። ግን ከዚያ ጊዜ ግማሹን የምታሳልፈው በላይኛው ሩብ ከፍታ ውስጥ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ፍጥነቷ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳልና። አየር ላይ ተንሳፍፋ የቀረች የሚመስለን ለዚህ ነው። ጨርቁ ግን የራሱ ሰዓት አለው። ሺፎንና ቱል የሚባሉት ስስ ጨርቆች ቀላል ስለሆኑ አየሩ ይይዛቸዋል፤ ከሰውነቷ ኋላ ቀርተው በቀስታ ይከተላሉ። ከፋይና ወፍራም ሳቲን ከብደው ቶሎ ይወርዳሉ። ስለዚህ ጎበዝ ፎቶ አንሺ መጀመሪያ ቀሚሱን በእጁ ይዞ ይመዝነዋል፣ ያራግበዋል። መቼ ፎቶ ማንሣት እንዳለበት የሚነግረው ቀሚሱ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ እንቅስቃሴውን የሚያቆመው በአብዛኛው የካሜራው ሹተር (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ሳይሆን ፍላሹ ነው። ከፍላሽ ጋር ሹተሩ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ1/250 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በዘገየ ፍጥነት ነው። ለሚወናጨፍ ጨርቅ ይህ ቀርፋፋ ነው። ብልጭታው ግን በ1/2000 ሴኮንድ ወይም ከዚያም ባነሰ ጊዜ በርቶ ሊጠፋ ይችላል። ክፍሉ ጨለም ካለ ካሜራው የሚያየው ያችን ብልጭታ ብቻ ነው። ብዙ ትልልቅ ፍላሾች ደግሞ አንዴ ከበሩ በኋላ እስኪሞሉ ትንሽ ይቆያሉ። አከታትሎ ተኩሶ ከመሃል ጥሩውን መምረጥ ብሎ ነገር አይሠራም። አንድ ዝላይ፣ አንድ ፎቶ።

ልብሱም ፈተና አለው። የመድረክ ልብስ ሲሰፋ ጀምሮ ዳንሰኛዋ እጇን ወደ ላይ እንደምታነሣ ታስቦበት ነው። የዲዛይነር ቀሚስ ግን ብዙ ጊዜ ለመቆምና ለመራመድ የተሠራ ነው። እጇን ወደ ላይ ስታነሣ ብብቱ ይወጠራል፣ ወገቡ ይሰቀላል። ለረጃጅም ሞዴሎች ስለሚሰፋ አጠር ላለች ዳንሰኛ ጫፉ መሬት ይጎተትና እግሯ ሥር ይገባል። የውሰት ልብስ ስለሆነም መቀስ አይነካውም። ያለው አማራጭ ከካሜራው በማይታየው በኩል በስፒልና በመቆንጠጫ ማጥበብ ነው። ፎቶው ላይ ልክ በልኳ የተሰፋ የሚመስለው ቀሚስ ከጀርባው ቢታይ ጉድ ነው!

ወለሉንም መርሳት አይገባም። ስቱዲዮ ውስጥ ለጀርባ የሚዘረጋው ወረቀት ያንሸራትታል፣ በጫማ ጫፍም ይቀደዳል። ከሥሩ ሲሚንቶ ከሆነ ደጋግሞ መዝለል ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ይጎዳል። በደንብ ሳታሟሙቅ ዳንሰኛን ዝለይ የሚል ፎቶ አንሺ ሥራውን አያውቅም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል።

በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው መካከል ኬን ብሮዋርና ዴቦራ ኦሪ ይገኙበታል። ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እሱ የመጣው ከፋሽን ፎቶ ነው፤ እሷ ራሷ ዳንስ የተማረች ናት። ነገሩን የጀመሩት ለልጃቸው ክፍል ግድግዳ የዘመኑን ዳንሰኞች ፎቶ ፈልገው ደስ የሚላቸው ስላጡ ነው። ሥራው የሚጠይቃቸው ሁለት ዓይኖች አንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው ያስደስተኛል። አንዱ የቀሚሱን አወዳደቅ ያያል፣ ሌላዋ የእግሩን መስመር።

የእግር ነገር ለዳንሰኛ ቀልድ አይደለም። ፎቶው ስክሪን ላይ ሲመጣ ሌላው ሰው ቀሚሱን አይቶ ይደነቃል። ዳንሰኛዋ ግን ቀድማ የምታየው እግሯን ነው። ቁርጭምጭሚቷ ትንሽ ወደ ውስጥ ከታጠፈ፣ የኋላ ጉልበቷ በደንብ ካልተዘረጋ፣ ጨርቁ እንደ ደመና ቢዘረጋም ፎቶውን አትቀበለውም። ከሥር የሚጻፈው ስሟ ነው። የቀሚሱን ጫፍ ሰብስባ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች፣ እንደገና ትዘላለች።