የኢትዮጵያ የፀረ ሽብር ሕግ ማሻሻያ፦ ከአዋጅ 652/2001 ወደ አዋጅ 1176/2012

የኢትዮጵያ የፀረ ሽብር ሕግ ማሻሻያ የሚባለው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተሽሮ የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 የተተካበት ሂደት ነው። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በሌላ ሁኔታ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ያሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1373 አገሮች ሁሉ ሽብርን በወንጀልነት እንዲደነግጉ ግዴታ ቢጥልም ሽብር ምን እንደ ሆነ ግን ትርጉም አልሰጠም። በዚህ የተነሳ እያንዳንዱ መንግሥት ትርጉሙን በራሱ ልክ ለመስፋት ዕድል አገኘ። በኢትዮጵያ የወጣው አዋጅ ሲተች የመንግሥት ዋና መከራከሪያ ድንጋጌዎቹ በዴሞክራሲ ከዳበሩ አገሮች ሕጎች ቃል በቃል የተወሰዱ ናቸው የሚል ነበር። ይህ አባባል በከፊል እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ቃሉ ሲወሰድ ልኩ አብሮ አልተወሰደም። ሽብርን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ እንደሚያበረታታ በሕዝቡ ወይም በከፊሉ ዘንድ ሊወሰድ የሚችል ጽሑፍ ማተምን የሚቀጣው አንቀጽ 6 ከብሪታንያ የ2006 እ.ኤ.አ. ሕግ ጋር በአገላለጹ እጅግ ይቀራረባል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ የብሪታንያው ቅጣት ጣሪያው 7 ዓመት ሲሆን የኢትዮጵያው ከ10 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር። የ28 ቀን ነገርም እንዲሁ ነው፦ በብሪታንያ ያለ ክስ ለማቆየት የተፈቀደው የጊዜ ጣሪያ የነበረው 28 ቀን፣ በኢትዮጵያ ለምርመራ የሚሰጥ የአንድ ጊዜ ቀጠሮ ትንሹ መጠን ሆነ፤ ድምሩም እስከ 4 ወር እንዲደርስ ተፈቀደ።

የቀድሞው አዋጅ የሽብር ትርጉም የአገሪቱን መሠረታዊ ፖለቲካዊ፣ ሕገ መንግሥታዊ፣ ኢኮኖሚያዊ ወይም ማኅበራዊ ተቋማት ማናጋትን በዓላማነት ያካተተ ሲሆን፣ በንብረት ላይ ከባድ ጉዳት ማድረስና የሕዝብ አገልግሎት ማቋረጥ ብቻቸውን ከ15 ዓመት እስከ ሞት ለሚያደርስ ቅጣት በቂ ነበሩ። የሞራል ድጋፍ መስጠት ወንጀል ነበር። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን በዋስ የመልቀቅ ሥልጣን አልነበረውም። ከሁሉ ይልቅ የከበደው፣ በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ አንቀጽ 23 ነው፦ ምንጩ ወይም የተገኘበት መንገድ ባይገለጽም የደኅንነት መረጃ በማስረጃነት ይቀርባል፣ የስሚ ስሚም እንዲሁ። ተከሳሹ ማን ምን ብሎ እንደ መሰከረበት ሳያውቅ ሊከላከል አይችልም፤ ሕገ መንግሥቱ ለተከሰሱ ሰዎች የሰጠው ማስረጃን የማየትና ምስክርን የመጠየቅ መብት በዚህ አንቀጽ ፊት ከወረቀት አያልፍም።

አዋጁ በተግባር ላይ ሲውል በተለይ ከ2003 ማብቂያ ጀምሮ ጋዜጠኞችን፣ የተቃዋሚ ፓርቲ አባላትንና የእምነት እንቅስቃሴ ተወካዮችን ለመክሰስ አገልግሏል። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈረደበት፤ ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ የተፈረደባት 14 ዓመት በይግባኝ ወደ 5 ተቀነሰ። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ በከፊል በ2007 ተቋርጦ፣ የቀሩትም በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተባሉ። ይህ ፍርድ ለአዋጁ ደጋፊዎች ፍርድ ቤቶቹ ነፃ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ላለፉት ሰዎች ግን ቅጣቱ ከፍርዱ ቀድሞ የተፈጸመ ነበር።

ከ2010 የመንግሥት ለውጥ በኋላ እስረኞች ሲፈቱና በሰኔ ወር ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 የተባሉት የታጠቁ ተቃዋሚ ድርጅቶች ከአሸባሪነት ዝርዝር ሲሰረዙ፣ አፋኝ የተባሉ ሕጎችን እንዲያጠና የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች አማካሪ ጉባኤ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር ተቋቋመ። የጥናቱ ውጤት የሆነውን አዋጅ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2012 አጸደቀው። አዲሱ ሕግ የቀድሞው የዜጎችን መብት ያጣበቡ ክፍተቶች እንደ ነበሩበት በራሱ መግቢያ ያምናል፤ ይህም በኢትዮጵያ የሕግ አወጣጥ ልማድ ብዙም የተለመደ አይደለም። ተቋማትን ማናጋት የሚለው ዓላማ ከትርጉሙ ወጥቷል። አገልግሎት ቢስተጓጎልም የሥራ ማቆም አድማ፣ ሰላማዊ ሰልፍና ስብሰባን የመሳሰሉ የመብት አጠቃቀሞች ሽብር እንደማይባሉ በአንቀጽ 4 ተደንግጓል፤ ለሰብዓዊ ርዳታ የሚሰጥ ድጋፍም ከቅጣት ውጭ ሆኗል። በተዘዋዋሪ ማበረታታት የሚለው አደገኛ ሐረግ ቀርቶ ቦታውን የማነሳሳት ወንጀል ይዟል። ይህ ሁሉ ቢሆንም በንብረት ላይ የሚደርስ ጉዳት ከትርጉሙ አልወጣም፣ የሞት ቅጣትም የሰው ሕይወት ለጠፋበት ድርጊት አሁንም አለ።

ማሻሻያው በቅጡ ያልነካው ድርጅትን በአሸባሪነት የመሰየም ሥልጣንን ነው። እንደ ቀድሞው ሁሉ የውሳኔ ሐሳቡ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት መጥቶ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ ይጸድቃል። በሚያዝያ 2013 ሕወሓትና መንግሥት ሸኔ ብሎ የሚጠራው ቡድን በዚህ መንገድ ተሰየሙ፤ ሕወሓት ደግሞ የፕሪቶሪያውን የሰላም ስምምነት ተከትሎ በመጋቢት 2015 ከዝርዝሩ ተሰረዘ። ስያሜውም ስረዛውም ከጦርነቱና ከድርድሩ ጋር የተራመዱ እንጂ በማስረጃ ምዘና የተደረሰባቸው የዳኝነት ውሳኔዎች አልነበሩም።

ሌላው ክፍተት ከአዋጁ ውጭ ነው። በጥቅምት 2014 በመላ አገሪቱ፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል ያለውን ግጭት ተከትሎ የታወጁት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጆች ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝንና መበርበርን ፈቅደዋል። በእነዚህ ጊዜያት ብዙ ሰዎች የታሰሩት በአዋጅ 1176 ሳይሆን በአስቸኳይ ጊዜው ሥልጣን ስለ ነበር፣ በ2012 የተጨመሩት ጥበቃዎች ለእነርሱ የሚደርሱበት መንገድ አልነበረም።