የፖለቲከኛ «ሬከርድ» ምንድን ነው?

አክስቴ ቨርጂኒያ ከመጣች ገና ሦስተኛ ወሯ ነበር። ሳሎን ውስጥ የዲሞክራቶች ክርክር ተከፍቷል፤ እኔ ቡና እየቀዳሁ አንድ ጆሮዬን ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ዕጩዎቹ «ሬከርድህ»፣ «ሬከርድሽ» እየተባባሉ ሲጯጯሁ ዞር ብላ «እነዚህ ደግሞ የምን ሬከርድ ነው የሚሰብሩት?» አለችኝ። አልፈርድባትም። እኛ ሬከርድ ስንል ሯጭ የሚሰብረው ሰዓት ነው፣ ወይ ስቱዲዮ የሚቀረጽ ዘፈን። የፖለቲከኛው ሬከርድ ግን አይሰበርም፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ነው የሚሰብረው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሬከርድ ማለት ሰውየው ሥልጣን ላይ ሳለ እጁ ያለበት ሁሉ ነው፦ የሰጠው ድምፅ፣ የፈረመው ሕግ፣ የመለሰው ረቂቅ፣ የሾመው ሹም፣ ያሳሰረው፣ ያስፈታው። አገር ቤት ሽማግሌ ሲላክ የልጁ አጥንት ይቆጠራል፤ የማን ልጅ፣ የየት ወገን ይባላል። ሬከርድ ውስጥ ይሄ የለም። የሚቆጠረው እጅ ነው።

ነገር የሚጦፈው በፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲው ከራሱ ሰዎች መካከል ለፕሬዚዳንትነት የሚያቀርበውን ዕጩ በሚመርጥበት የውስጥ ፉክክር ጊዜ ነው። ምክንያቱም መድረክ ላይ የቆሙት ሰዎች ቃል የሚገቡት ተመሳሳይ ነገር ነው። ሁሉም ሕክምና ይርከስ ይላሉ፣ ሁሉም ደመወዝ ይጨመር ይላሉ። በወደፊቱ ካልተለያዩ የሚለያዩት ባለፈው ነውና መዝገብ ይገላበጣል። ይህን ብቻ ሥራዬ ብለው የሚይዙ ተቀጣሪዎች በየዘመቻው አሉ፤ የተቀናቃኝን ብቻ ሳይሆን የገዛ አለቃቸውንም መዝገብ ቀድመው ይበረብራሉ።

አንዲት ድምፅ ስንት ዓመት ልትኖር እንደምትችል ለማየት የኢራቅን ጦርነት ማንሳት ይበቃል። (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ኦክቶበር 2002 የአሜሪካ ሴኔት ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኢራቅ ላይ ጦር የማዝመት ሥልጣን በ77 ለ23 ድምፅ ሰጠ። «ይሁን» ካሉት መካከል ጆን ኬሪ፣ ጆን ኤድዋርድስ፣ ሂላሪ ክሊንተንና ጆ ባይደን ነበሩ። አራቱም በኋላ ፕሬዚዳንት ለመሆን ተወዳደሩ፣ አራቱንም ያቺ ድምፅ እየተከተለች በር አንኳኳችባቸው።

በ2004 የቨርሞንት አገረ ገዥ የነበረው ሃዋርድ ዲን ኬሪን በዚሁ ወጠረው፤ ኬሪ ግን ዕጩነቱን ወሰደ። ኤድዋርድስ በ2005 ጋዜጣ ላይ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ ጻፈና ተገላገለ። ክሊንተን ግን እምቢ አለች። ፌብሩዋሪ 2007 ኒው ሃምፕሸር ላይ ስትጠየቅ፣ ያንን ድምፅ ያልሰጠ ወይም ስህተት ነበር የሚል ሰው ከፈለጋችሁ ሌሎች አሉላችሁ የሚል መልስ ሰጠች። ኩራት ይሁን ስሌት ለይቶ መናገር ይቸግራል። ሰዉ ግን እንዳለችው አደረገ፤ ሌላ ሰው ነበረና።

ያ ሌላ ሰው ባራክ ኦባማ ነው። በ2002 የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ሴናተር ስለነበር ዋሽንግተን ውስጥ ድምፅ አልነበረውም፤ ግን በዚያው ወር ቺካጎ ሰልፍ ላይ ቆሞ ጦርነቱን «የጅል ጦርነት» ብሎታል። የክሊንተን ሰዎች ይሄ አንገበገባቸው። ሴኔት ከገባ በኋላ ለጦርነቱ በጀት ልክ እንደ እሷ ድምፅ ሰጥቷል፣ ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው አሉ፤ ቢል ክሊንተንማ ነገሩን «ተረት» እስከማለት ደረሰ። እኔ እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ይከፈላል። ድምፅ ሳይኖርህ ልክ መሆን ርካሽ ነው፤ የሚያስከፍልህ የለም። ለሴኔት ለመወዳደር የሚያስብ ሰው በዚያ ወር አደባባይ ወጥቶ ያንን መናገሩ ግን ባዶ ነው ማለትም አይቻልም።

ክሊንተንም ባዶ እጇን አልቆመችም። የኢሊኖይ ሕግ አውጪ ሦስት ዓይነት ድምፅ አለው፦ «አዎ»፣ «አይ»፣ «አለሁ» (ተገኝቻለሁ፣ ግን ወገን አልይዝም እንደማለት)። ኦባማ ወደ 130 ጊዜ «አለሁ» ብሏል። ጃንዋሪ 2008 ሚርትል ቢች ክርክር ላይ ክሊንተን ይህን አነሳች፣ ኤድዋርድስም ተደረበ፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ይሸሻል ነው ነገሩ። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ኦባማ በዚያ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠው ግን ወደ 4,000 ጊዜ ነው። እዚያ ደግሞ ረቂቅ የሚያልፈው ከጠቅላላው አባል ከግማሽ በላይ «አዎ» ሲል ስለሆነ «አለሁ» በውጤቱ እንደ «አይ» ነው። ይህን ለማስረዳት አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ «130 ጊዜ ሸሸ» ለማለት ሁለት ሰከንድ።

የኢራቋ ድምፅ በዚያ አላበቃችም። በ2016 በርኒ ሳንደርስ በተወካዮች ምክር ቤት ሳለ «አይ» ማለቱን ይዞ ክሊንተን ላይ ዳግም አነሳት፣ በ2020 ደግሞ ባይደን ላይ። ሁለቱም ግን አሸነፉት። ስለዚህ ሬከርድ ብቻውን ሰው ይጥላል የሚለውን አልቀበልም፤ የሚጥለው ጊዜው ሲገጥም ነው። በ2008 ወታደሮች ገና ኢራቅ ነበሩ።

ድምፅ ለብቻዋ ስትነበብ የምትዋሸው ደግሞ የአሜሪካ ሕግ እንደ ዶሮ ወጥ ስለሚሠራ ነው፤ ሁሉም አንድ ድስት ይገባል። የ1994ቱ የወንጀል ሕግ እስር ቤት መገንቢያም፣ የጦር መሣሪያ እገዳም፣ ሴቶችን ከጥቃት መከላከያም አንድ ላይ የያዘ ነበር። ባይደን ጽፎታል፣ ሳንደርስ «አዎ» ብሎለታል። ሳንደርስ ሲጠየቅ ለሴቶች ስል ነው ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ላይ ግን ያለው «አዎ» ብቻ ነው።

አስፈጻሚ የነበረ ሰው ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው፤ የሥራው ሁሉ ባለቤት እሱ ነው ወይ? ጁላይ 31 ቀን 2019 ዲትሮይት ላይ ሌላዋ ዕጩ ተልሲ ጋባርድ የካሊፎርኒያ ዋና ዐቃቤ ሕግ የነበረችውን ካማላ ሃሪስን ከ1,500 በላይ ሰዎች በማሪዋና አሳስረሻል ስትላት አዳራሹ አጨበጨበ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን እንዲህ ያለውን ክስ በአብዛኛው የሚመሠርቱት በየካውንቲው የሚመረጡ ዐቃብያነ ሕግ ናቸው። ሃሪስም ብትሆን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እንዲያ ያለ ዐቃቤ ሕግ ሆና ሠርታለች። በዚያች ምሽት ይህን ሁሉ መተንተን አልሆነላትም። ዲሴምበር ላይ ከውድድሩ ወጣች፤ ራሷ የሰጠችው ምክንያት የገንዘብ እጥረት ነው።

የቤት ጠብ ደግሞ ለጎረቤት ይተርፋል። በ1988 የዲሞክራቶች ፕራይመሪ አል ጎር ኒው ዮርክ ክርክር ላይ የማሳቹሴትሱን አገረ ገዥ ማይክል ዱካኪስን ግዛቱ ለእስረኞች ስለሚሰጠው ከእስር ቤት ለጊዜው የመውጣት የእረፍት ፈቃድ ጠየቀው። ፈቃዱ የተጀመረው በሪፐብሊካን አገረ ገዥ ጊዜ ነበር፤ ዱካኪስ ግን ነፍስ ገዳዮችን ከፈቃዱ የሚያስቀር ረቂቅ በ1976 አልፈርምም ብሏል። ጎር ተሸነፈ፣ ነገሩም የተረሳ መሰለ። የሪፐብሊካኑ ዕጩ የትልቁ ቡሽ ሰዎች ግን ከዚያ ክርክር ለቅመው እስከ ኖቬምበር አራገቡት፤ ቡሽ 40 ግዛት አሸነፈ።

ምርጫ ሲቃረብ የፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ወፍራም የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይገባል። የሰውየው ፎቶ ግራጫ ተደርጎ፣ አፉ ተከፍቶ፣ በቀይ ፊደል «የሕፃናት ሕክምናን ተቃወመ» የሚል። ታች ጥግ ላይ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የድምፁ ቁጥር አለ። አንዴ ያንን ቁጥር ፈልጌ አየሁት። ሰውየው የተቃወመው ሕጉን ሳይሆን ክርክሩ ይዘጋ የሚለውን ኖሯል። ወረቀቱ አልዋሸም ሊባል ይችላል፤ ለእኔ ግን ዋሽቷል።

መዝገብም የሌለበት ጊዜ አለ። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ኤችአር 128ን ሲያሳልፍ፣ እዚህ ያለን ሰዎች የየራሳችን ተወካይ ምን እንዳለ ለማወቅ ተረባርበን ነበር። አልተገኘም። ድምፁ የተሰጠው ስም ሳይጠራ በአፍ ነበር። ረቂቁን ቀድመው በፊርማ የደገፉት ስማቸው አለ፤ ከሌሎቹ ግን አዳራሹ ውስጥ «አዎ» የሚል ጩኸት ተሰማ፣ የማን ጉሮሮ እንደሆነ አልተጻፈም።